ከመሄዱ በፊት መቆሙ ይታሰብ

(ስለ ካሚዮን ፍሬንና መሪ ታሪክ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

የሰው ልጅ ለመሄድ የቸኮለውን ያህል ለመቆም አልቸኮለም። የእንፋሎት ሞተር፣ የምድር ባቡር፣ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠራ መኪና በየጊዜው ሲፈለሰፉ ዓለም አጨብጭቧል፤ ፍሬንን የፈለሰፉትን ሰዎች ስም ግን ዛሬም የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከባድ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ካሚዮን ሕይወቱ በሞተሩ ላይ ሳይሆን በፍሬኑና በመሪው ላይ ተንጠልጥላ ትገኛለች። በሜዳ ላይ ሞተር ቢጠፋ ካሚዮኑ ይቆማል፤ በቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢጠፋ ግን የሚያቆመው ገደል ወይም ግንብ ብቻ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ስለ እነዚህ ሁለት ክፍሎች ታሪክ ነው። ታሪክን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ያረጀ ካሚዮን አካል ውስጥ የሚገኙት ቱቦዎች፣ ጎሚኒዎችና ፖምፓዎች አብዛኞቹ ቀድሞ የታየን አንድ ጉድለት ለማረም የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ነገሮቹ በምን ተራና ለምን እንደ ተጨመሩ የተረዳ ሰው፤ ብልሽት በደረሰ ጊዜም በተራ ይፈልጋል እንጂ በግምት ዕቃ እየገዛ ገንዘብ አያባክንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አባቶቻችን ጭነታቸውን በበቅሎና በአህያ ጀርባ ሲያጓጉዙ የፍሬን ነገር አላሳሰባቸውም ነበር። በቅሎ ቁልቁለት ስትወርድ እግሯን ራሷ እየመጠነች፣ ድንጋዩን እየመረጠች ትወርዳለች። ሠረገላ ግን ይህ ማስተዋል የለውም፤ ክብደቱ ወደ ገፋው ይሄዳል። ስለዚህ በአውሮፓ የነበሩ ባለ ሠረገላዎች የእንጨት ታኮ በረጅም ዘንግ እየገፉ ከመንኰራኩሩ ጋር ያፋትጉ ነበር። በእንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው፤ በኰረብታማው በደርቢሺር አውራጃ ያሉ ገበሬዎች በእንጨቱ ታኮ ላይ ያረጀ ጫማ አስረው ሲወርዱ አይቶ፤ የተሻለ ማፋተጊያ መሥራት እንደሚቻል እንዳሰበ ይነገራል። ፍሩድ በ1897 ሥራውን ጀመረ፤ ኋላም ፌሮዶ የሚባለውን ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ መካኒኮቻችን «የፍሬን ሸራ» የሚሉት ነገር የዚያ ጫማ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንናገር አናልፍም። ፍሩድና ከእሱ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች ሸራውን እሳት እንዲችል ብለው አስቤስቶስ ከሚባለው ማዕድን ጋር ይሠሩት ነበር። የዚህ ማዕድን ብናኝ ወደ ሳንባ ሲገባ ካንሰርን እንደሚያስከትል ከተረጋገጠ በኋላ በብዙ አገሮች ተከልክሏል። ነገር ግን በአሮጌ ካሚዮኖች ታምቡሮ ውስጥ ዛሬም ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ታምቡሮው ሲከፈት ብናኙን በአየር መንፋት ወይም በደረቅ ብሩሽ ማራገፍ ለመካኒኩም ለረዳቱም ጠንቅ ነው፤ በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይገባል።

በፍሬን ታሪክ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከባቡር ነው። በአሜሪካ አገር ባቡር ለማቆም ሠራተኞች ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በጣራ ላይ እየተራመዱ የየፉርጎውን የፍሬን ጎማ በእጃቸው ያዞሩ ነበር፤ በዝናብና በበረዶ ወድቀው የሞቱትና የቆሰሉትም ብዙ ነበሩ። በ1869 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት በታመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን አስመዘገበ። ባቡር ነጂው አንድ እጀታ ሲያዞር አየሩ በቱቦ ወደ ፉርጎዎቹ ሁሉ ይሄድና ፍሬኑን ይገፋል።

ዳሩ ግን ይህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ከባድ ጉድለት ነበረበት። ቱቦው በመካከል ቢበጠስ አየሩ ይወጣል፤ አየሩ ከወጣም ፍሬን የለም። ዌስቲንግሃውስ ይህን አይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሳቡን ገለበጠው። በአዲሱ አሠራር በቱቦው ውስጥ አየር ሲሞላ ፍሬኑ ይለቃል፤ አየሩ ሲጐድል ፍሬኑ ይይዛል። እንግዲህ ቱቦ ቢበጠስ ባቡሩ ራሱ ይቆማል ማለት ነው። ብልሽት የማይደርስበትን መሣሪያ መሥራት አይቻልም፤ ብልሽት በደረሰ ጊዜ ግን ጉዳቱ ወደ ደኅናው ወገን እንዲያዘነብል ማድረግ ይቻላል።

በአየር ፍሬን የሚሠሩት ትልልቅ ካሚዮኖች ይህን ትምህርት ወርሰዋል። በብዙዎቹ ላይ የአየሩ ግፊት ሲወርድ ጠንካራ ሞላ ተፈትቶ የኋላውን ጎማ ይቆልፈዋል። እንዲህ ያለ ካሚዮን ጧት ተነሥቶ «አልንቀሳቀስም» ቢል ተበላሸ ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ምናልባት አየሩ በሌሊት ወጥቶ ይሆናል፤ ጥያቄውም የወጣው በየት በኩል ነው የሚል መሆን አለበት። ሞተሩን አጥፍቶ በጸጥታ ማዳመጥ፣ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ መቀባት፣ ከአየር በርሜሉ ሥር ያለውን መክፈቻ ከፍቶ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው። ሞላውን በብልሃት አላቆ መንዳት ግን ዌስቲንግሃውስ የዘጋውን የሞት በር እንደ ገና መክፈት ነው።

ወደ አውቶሞቢል እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ፍሬን በብረት ዘንግና በገመድ የሚሳብ ነበር። ዘንጉ ሲሳሳ፣ ገመዱ ሲረዝም አንዱ ጎማ ቀድሞ ይይዛል፤ ሌላው ይዘገያል፤ መኪናውም ወደ ጎን ይጎተታል። በአማርኛችን «ፍሬን በጠሰ» የሚባለው አነጋገር ለዚያ ዘመን ፍሬን በትክክል ይስማማዋል፤ በእርግጥ የሚበጠስ ነገር ነበረና። በዛሬው በዘይት በሚሠራ ፍሬን ግን ብዙውን ጊዜ የሚበጠስ ነገር የለም፤ የሚያፈስ፣ የሚያረጅ ወይም የሚፈላ ነገር ነው ያለው። ቃሉ ቢቀርም ጉዳዩ ተለውጧል። «በጠሰ» ስንል ግን ድንገተኛ ነገር ይመስለናል፤ በእውነቱ የዘይት ፍሬን ከመክዳቱ በፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል።

ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ቦታ ሲጫኑት ግፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚደርስ አስተምሮ ነበር። ይህን ትምህርት ወደ መኪና ጎማ ያመጣው አሜሪካዊው ማልኮም ሎክሂድ ነው። ፈጠራውን በ1917 አስመዘገበ፤ በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው ፋብሪካ በአራቱም ጎማ ላይ የዘይት ፍሬን ያለበትን መኪና ለገበያ አቀረበ። መጀመሪያ ዘይቱን የሚያግደው ነገር ከቆዳ የተሠራ ስለ ነበረ ያፈስ ነበር፤ ክራይስለር በ1924 ባወጣው መኪና ላይ ግን የላስቲክ ጎሚኒ ገባበት። ፎርድ ለብዙ ዓመታት በዘንግና በገመድ ጸንቶ ከቆየ በኋላ በ1939 ወደ ዘይት ዞረ።

እንግዲህ ያረጀ ካሚዮን የዘይት ፍሬን በፔዳሉ በኩል ለሹፌሩ ይናገራል። ንግግሩንም እንዲህ መተርጐም ይቻላል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ከሆነ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩን ማስወጣት፣ የገባበትንም ቀዳዳ መፈለግ ያስፈልጋል። ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ወይ ዘይት ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ወይም በዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አርጅቶ ዘይቱ በውስጥ ወደ ኋላ ያልፋል። ፔዳሉ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ ሸራው ከታምቡሮው ርቋልና ማስተካከል ይገባል። ሲይዝ የሚርገበገብ ከሆነ ታምቡሮው ክብነቱን አጥቷል። ሲይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከተጎተተ የአንዱ ጎማ ሸራ ዘይት ነክቶታል፤ ወይም የጎማው ፖምፓ ተጣብቋል። ጎማው ፍሬን ከተለቀቀ በኋላም እንደ ያዘ የሚቀርና የሚግል ከሆነ ደግሞ የላስቲኩን ቱቦ ተመልከቱ፤ በውጭ ደኅና መስሎ በውስጡ አብጦ ዘይቱን አስገብቶ የማያስወጣ ቱቦ ብዙ መካኒኮችን አሳስቷል።

ለብዙ ዓመታት የመኪና ዘይት ፍሬን ሁሉ በአንድ መስመር የሚሠራ ነበር፤ አንድ ቱቦ ቢቀደድ አራቱም ጎማ ያለ ፍሬን ይቀር ነበር። በ1962 ካዲላክና አሜሪካን ሞተርስ የተባሉት ድርጅቶች ሁለት ክፍል ያለውን ዋና ፖምፓ በመኪናዎቻቸው ላይ አደረጉ፤ አንዱ መስመር ቢከዳ ሌላው እንዲይዝ ነው። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ካሚዮን የሚነዳ ሰው በአንድ ቱቦ ላይ ሕይወቱን እንዳኖረ ይወቅ።

ካሚዮኖች እየከበዱ ሲሄዱ የሹፌሩ እግር ብቻ አልበቃም። ቤልጂጋዊው አልበርት ደዋንድር በ1920ዎቹ ዓመታት የሞተሩን የመሳብ ኃይል ለፍሬን ረዳት አደረገው፤ መካኒኮች «ሰርቮ» የሚሉት ነው። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በአንድ ወገን ክፍት ይፈጠራል፤ በሌላው ወገን ያለው የውጭ አየር እየገፋ ለእግሩ ጉልበት ይጨምራል። እዚህ ላይ በደጋ ለምንኖር ሰዎች ጠቃሚ ነገር አለ። አዲስ አበባን በመሰለ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ሰርቮ የሚሠራ ካሚዮን በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ወደብ ለስላሳ የነበረው ፔዳል በደጋ ቢከብደው ሁልጊዜ ብልሽት ነው ማለት አይደለም፤ የሚረዳው አየር ራሱ ስስ ሆኗል።

የሰርቮውን ደኅንነት ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ፔዳሉን ብዙ ጊዜ ርገጡ፤ ኋላ ረግጣችሁ እንደ ያዛችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ጥቂት ወደ ታች ከሰጠ ረዳቱ ይሠራል፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰና እንደ ድንጋይ ከደነደነ ጥፋቱ በረዳቱ ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ቱቦ ዘንድ ነው። የከበደ ፔዳልና የሰመጠ ፔዳል ሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው የረዳት ማነስ ሲሆን ሁለተኛው የዘይት ማምለጥ ወይም የአየር መግባት ነው። ይህን ሳይለዩ ዋናውን ፖምፓ መለወጥ ሆዱን ለታመመ ሰው ጥርሱን መንቀል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መሪ እንሻገር። በዘይት ኃይል የሚታገዝ መሪ፤ ማለት ፓወር ስቲሪንግ፤ ለምቾት የተሠራ የሀብታሞች ዕቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ታሪኩ ግን ከካሚዮን ይጀምራል። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለው መሐንዲስ በአሜሪካ በፒርስ አሮ ፋብሪካ የካሚዮን ክፍል ዋና መሐንዲስ ነበር፤ ከባድ ካሚዮን ለማዞር ሹፌሮች የሚደርስባቸውን ድካም ያውቅ ነበር። ሥራውን ለቆ በራሱ አውደ ጥናት ሲደክም ቆይቶ በ1926 በአንድ ፒርስ አሮ መኪና ላይ አሠራሩን ለጄኔራል ሞተርስ ሹማምንት አሳየ። ውል ተደረገ፤ ነገር ግን የ1930ዎቹ የገንዘብ ችግር መጣና በ1934 ዋጋው ከበደ ተብሎ ተተወ። ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከባድ የጦር መኪናዎች መሪውን ተጠቀሙበት። ለሕዝብ በተሸጠ የቤት መኪና ላይ የታየው ግን ክራይስለር በ1951 ባወጣው ኢምፒሪያል ነው። ከፈጠራው እስከ ገበያው 25 ዓመታት አለፉ፤ የዘገየበትም ዋና ምክንያት የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የዋጋ ነገር ነበር።

የመሪው ብልሽትም በሁለት ይከፈላል። መሪው ከከበደ ጉዳዩ የኃይል ነው፤ ዘይቱ ጐድሎ፣ ቺንጋው ላልቶ፣ ወይም ፖምፓው ደክሞ ይሆናል። ቆሞ ሲያዞሩት የሚያቃስት ድምፅ ቢሰማና በዘይቱ ማጠራቀሚያ አረፋ ቢታይ አየር ገብቶበታል። መሪው ከላላና መኪናው በመንገዱ ላይ ከተንከራተተ ግን ጉዳዩ የኃይል አይደለም፤ የመሪው ቴስቲና፣ የመሪው ሳጥን ወይም የጎማው ኩሽኔታ አልቋል። የላላ መሪ ከከበደ መሪ ይልቅ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የከበደው ሹፌሩን ያደክማል፤ የላላው ግን ያታልለዋል።

በ1970ዎቹ ዓመታት እነዚህ ሁለት ታሪኮች ተገናኙ። የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በቂ የመሳብ ኃይል አይፈጥርም። ስለዚህ ቤንዲክስ የተባለው ድርጅት የመሪው ፖምፓ ለፍሬኑም ኃይል የሚሰጥበትን አሠራር አወጣ፤ ጄኔራል ሞተርስም በናፍታ በሚሠሩ ፒካፖቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ፖምፓው ዘይቱን መጀመሪያ ወደ ፍሬኑ ረዳት፣ ቀጥሎም ወደ መሪው ሳጥን ይልካል። ሞተሩ ቢጠፋ ለሁለት ወይም ለሦስት ጊዜ ያህል ፍሬን መያዣ የሚሆን ኃይል በአንድ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል።

እንዲህ ባለ ካሚዮን ላይ «ፍሬኑም መሪውም አንድ ላይ ከበዱ» የሚል አቤቱታ ቢቀርብ ሁለት ብልሽት መጣ ብሎ መደንገጥ አይገባም። ምንጩ አንድ ነው፤ ዘይቱን፣ ቺንጋውንና ፖምፓውን አስቀድማችሁ መርምሩ። መሪው ቀሎ ፍሬኑ ብቻ ከከበደ ጥፋቱ በፍሬኑ ረዳት ነው። ፍሬኑ ደኅና ሆኖ መሪው ብቻ ከከበደ ጥፋቱ በመሪው ሳጥን ነው። ከሁለት ወንዞች የቱ እንደ ደረቀ ሳያዩ ወደ ምንጩ መቆፈር፣ ሁለቱም በደረቁ ጊዜ ደግሞ ምንጩን ትቶ ወንዙን መጥረግ፤ ሁለቱም ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ዘይትን ማደባለቅ ነው። የመሪው ዘይትና የፍሬኑ ዘይት በአንድ ኮፈን ሥር ተቀራርበው ይገኛሉ፤ ባሕርያቸው ግን ጠላትነት ነው። በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ የመሪ ወይም የሞተር ዘይት ጥቂት እንኳ ቢገባ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን መለወጥ ብቻ አያድንም፤ ዘይቱ የነካው ላስቲክ በሙሉ መለወጥ አለበት። ደግሞም የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በዓለም «ዶት 3» ተብሎ የታወቀው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲገባበት ግን መስፈርቱ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለሉን ይነካል። ብዙ ዓመት ያልተለወጠ ዘይት በሜዳ ላይ ደኅና ሆኖ በቁልቁለት ላይ የሚከዳበት ምክንያት ይህ ነው።

የቁልቁለትን ነገር በቍጥር እንመልከት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ወደ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። ክብደቱ ከነጭነቱ 10,000 ኪሎ የሆነ ካሚዮን ይህን ሲወርድ የሚወጣው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ፤ ወደ 400 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ሞተሩ ካልረዳ ይህ ሁሉ እሳት በታምቡሮዎቹ ውስጥ መቃጠል አለበት። ታምቡሮ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም መያዙን ይተዋል። በወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የሹፌሮች ደንብ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቁልቁለት የሞተር ሥራ ነው፤ ፍሬን ለመጨረሻው ነው።

ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ካሚዮኖቻቸውን ሲያመጡ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ የሚሉትን ቃላት ትተውልን ሄዱ፤ ኋላም «ኤን ትሬ» የተባለው የፊያት ካሚዮን በሀገራችን ዳገትና ቁልቁለት ስሙን አስጠራ። ቃላቱን አማርኛ አድርገናቸዋል። የምርመራውንም ሥርዓት እንዲሁ የራሳችን ልናደርገው ይገባል፤ ሥርዓቱም ይህ ነው። በመጀመሪያ በዐይን የሚታየውን፤ ማለት የዘይቱን ልክ፣ ፍሳሹን፣ ቺንጋውን፣ ቱቦውን ማየት፤ ቀጥሎ በእግርና በእጅ የሚታወቀውን፤ ማለት የፔዳሉንና የመሪውን ጠባይ መፈተን፤ በመጨረሻ ብቻ መፍታት።

ክቡራን አንባብያን፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ መሪ የምትይዙ ሳትሆኑ የጥገና ማዘዣ ላይ የምትፈርሙ ናችሁ። ሹፌሩ ያመለከተው ጽሑፍ በማኅደር ውስጥ ተኝቶ ሳለ ካሚዮኑ በመንገድ ላይ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የዴቪስን መሪ በዋጋ ምክንያት ሲተው የዘገየው ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ የብዙ ሹፌሮች ክንድም ዓመታት ሙሉ ደከመ። የጎሚኒና የዘይት ዋጋ ተቆርጦ የሚገኘው ቁጠባ ከአንድ ቁልቁለት አያልፍም። ሹፌሩን «ፍሬኑ ምን ይሠራል?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ፔዳሉ ይሰምጣል ወይስ ይደነድናል? መሪውስ ከበደ ወይስ ላላ?» ብላችሁ ጠይቁት። በትክክል የተጠየቀ ሹፌር በትክክል ይመልሳል፤ መልሱም በማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ መካኒኩም ከዚያ ይጀምር። መልሱ «ይሰምጣል» ወይም «ላላ» ከሆነ ግን ማዘዣው እስኪፈጸም ድረስ ካሚዮኑ ከጎማው ሥር ታኮ ተደርጎለት ይቁም።